የማይተነፍስ ሕዝብ ለአየር ያወጣው ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። አባት ወይም አያት ወይም ጎረቤት ለተወለደው ልጅ ስም ይሰጣል፤ ስሙም ኋላ ከልጁ ጠባይ ወይም ዕድል ጋር ሲገጥም ይህ አባባል ይጠቀሳል። ውበቱን አንክድም፤ ነገር ግን አባባሉ አንድ ነገር ይሸሽጋል። ስሙ የሠመረ እንደ ሆነ ምስጋናው ለመልአኩ ነው፤ ስሙ ሐሰት ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም። ስም አውጪው በመልአኩ ክንፍ ሥር ተከልሎ ያመልጣል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ስም የሚያወጣ ሰው ላወጣው ስም ተጠያቂ ነውን? ተጠያቂስ ከሆነ ጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ፕላቶን «ክራቲሎስ» በሚባለው ድርሳኑ ሁለት ተከራካሪዎችን በሶቅራጥስ ፊት ያቆማል፤ አንዱ ስም ከነገሩ ባሕርይ የሚመነጭ ነው ሲል፣ ሁለተኛው ስም የሰዎች ስምምነትና ልማድ እንጂ ሌላ አይደለም ይላል። ክርክሩ ሳይቋጭ ድርሳኑ ያልቃል። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያልተመላለሰ ፈላስፋ ጥቂት ነው። እኔ ግን ክርክሩን ፕላቶን ሊያስበው ከማይችለው ስፍራ ቆሜ ለመመልከት እፈልጋለሁ፤ ይኸውም ሕዝብ ከሌለው ቋንቋ ነው። ቋንቋው አለ፣ ሰዋስው አለው፣ መዝገበ ቃላት አለው፤ ባለቤቱ ነው የተባለው ሕዝብ ግን በየትም ምድር ኖሮ አያውቅም። ይሁን እንጂ በዚህ ቋንቋ ለምንተነፍሰው አየርና ለምንጠጣው ውሃ መሠረት ለሆኑት ንጥረ ነገሮች ስም ወጥቷል። እንግዲህ በዚህ ስፍራ መልአክም የለም፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ልማድም የለም። ስም አውጪው ብቻውን ቆሟል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቋንቋው ክሊንጎን ይባላል። በ1966 በአሜሪካ መታየት በጀመረው «ስታር ትሬክ» በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ፣ በ1967 ክሊንጎን የሚባል ከሩቅ ከዋክብት የመጣ ጦረኛ ሕዝብ በባላንጣነት ብቅ አለ። እነዚህ ጦረኞች ለዓመታት የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነበር፤ ተመልካቹም ለምን ብሎ አልጠየቀም። በ1979 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ጥቂት እንግዳ ቃላት በአፋቸው ተደረጉ። በ1984 ለወጣው ለሦስተኛው ፊልም ግን አዘጋጆቹ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ስለ ፈለጉ፣ ማርክ ኦክራንድ የተባለውን የሥነ ልሳን ምሁር ሥራልን አሉት። እርሱም ሠራው፤ በ1985 መዝገበ ቃላቱ ታትሞ ለገበያ ቀረበ።

ኦክራንድ ቋንቋው የሰው ቋንቋ እንዳይመስል ብዙ ደክሟል። እኛ «ወታደሩ ጋሻውን አነሣ» ስንል ባለቤቱ ይቀድማል፣ ተሳቢው ይከተላል፣ ግሡ ያሳርጋል። በክሊንጎን ሰዋስው ግን «ጋሻውን አነሣ ወታደሩ» ይባላል፤ ይህ ቅደም ተከተል በዓለም ቋንቋዎች ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው። ድምፆቹንም ሲመርጥ በአንድ ቋንቋ ውስጥ አብረው መገኘት ያልለመዱትን አሰባስቧል። ሰላምታ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ለሰላምታ የሚቀርበው አባባል «ምን ትፈልጋለህ?» የሚል ነው። የጦረኛ ሕዝብ ጠባይ በቋንቋው ላይ እንዲታይ ታስቦ የተደረገ ነው።

እንዲህ ሆን ተብሎ ከሰው እንዲርቅ የተበጀ ቋንቋ ከንጥረ ነገሮች ዘንድ ሲደርስ ምን አለ? ጋዝ በክሊንጎን «ሽፕ» ነው። ሕይወት «ይን» ነው፤ ኦክስጅን «ይንሽፕ» ተባለ፣ የሕይወት ጋዝ ማለት ነው። ውሃ «ብቅ» ነው፤ ሃይድሮጅን «ብቅሽፕ» ተባለ፣ የውሃ ጋዝ። ማነቅ «ቮቅ» ነው፤ ናይትሮጅን «ቮቅሽፕ» ተባለ፣ የሚያንቅ ጋዝ። (የእኛ «ቅ» ያንን የጉሮሮ ድምፅ ይቀርበዋል እንጂ በትክክል አይዘውም።) ከሰው የራቀው ቋንቋ ከሰው ቤት ገባ። እነዚህ ሦስት ስሞች የሚነግሩን አንድም የከዋክብት ወሬ የለም፤ የሚነግሩን ሳንባ ያለው፣ የሚጠማ፣ ሲታፈን የሚሞት ፍጥረት ያወጣቸው መሆናቸውን ነው። ቃላቱን የቀመረው ሰው ራሱ እየተነፈሰ ነበርና።

ስሞቹ ምን ያህል እውነት ናቸው የሚለውን ለመመዘን ከሌሎች ስሞች ጋር ማስተያየት ይገባል። ዛሬ ኦክስጅን የምንለውን አየር በ1774 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ቀዩን የባዜቃ ዝገት በፀሐይ ጨረር በሚያግል መነጽር አሙቆ አወጣው። ስዊድን ውስጥ ካርል ሼለ ከእርሱ ቀደም ብሎ አግኝቶት ነበር፤ መጽሐፉ ግን የታተመው ዘግይቶ በ1777 ነው። ሼለ «የእሳት አየር» አለው፤ ነበልባል በውስጡ ይደምቃልና። ፕሪስትሊ ደግሞ በዘመኑ እንደ ነበረው ንድፈ ሐሳብ በሚነድድ ነገር ሁሉ ውስጥ «ፍሎጂስቶን» የሚባል ረቂቅ ነገር ይኖራል ብሎ ስለሚያምን፣ «ፍሎጂስቶን የተለየው አየር» ብሎ ጠራው። አንዱ ያየውን ሰየመ፤ ሌላው ያመነውን ሰየመ። ፓሪስ ላይ ምርመራውን የቀጠለው አንትዋን ላቯዚየ እስከ አንድ ጊዜ ድረስ ሲጠቀምበት የነበረው ስም «የሕይወት አየር» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ላቯዚየ በእጁ ይዞት የነበረው ስምና ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ለፊልም ጦረኞች የተበጀው ስም አንድ ናቸው። ላቯዚየ ግን ስሙን ጣለው። ይህ አየር አሲድን ሁሉ የሚፈጥር ነው ብሎ ስላመነ፣ ከግሪክኛ ሁለት ቃላት ወስዶ «አሲድ ወላጅ» የሚል ትርጉም ያለውን «ኦክስጅን» አወጣ። በ1787 ከጊቶን ደ ሞርቮ፣ ከቤርቶሌና ከፉርክርዋ ጋር ሆኖ ባሳተመው የኬሚስትሪ ስያሜ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ ጸና። ዓላማቸው ትልቅ ነበር፤ ቋንቋው ሳይታረም ዕውቀቱ ሊታረም አይችልም፣ ዕውቀቱም ሳይታረም ቋንቋው ሊታረም አይችልም የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። በዚሁ እምነት የጭለማውን ዘመን የቀማሚዎች ስሞች ጠራርገው አወጡ። በዚያ በታረመው ቋንቋ እምብርት ላይ ግን ስሕተት ተቀመጠ። ላቯዚየ በ1794 በአብዮቱ ዘመን አንገቱ ሲቀላ ስሕተቱ ገና አልተገለጠም ነበር።

የገለጠው እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ነው። የጨው አሲድ ተብሎ በሚታወቀው አሲድ ውስጥ አንዳችም ኦክስጅን አለመኖሩን፣ ከዚያ አሲድና ከኦክስጅን የተዋሐደ ነው ተብሎ የተገመተው አረንጓዴ ጋዝም ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን በ1810 አስረዳ። ለአዲሱ ንጥረ ነገር ስም ሲያወጣ የወሰደው ጥንቃቄ ለእኔ ከግኝቱ ባልተናነሰ ይደንቀኛል። በእጁ የራሱ ንድፈ ሐሳብ ነበረው፤ ንድፈ ሐሳቡን ግን በስሙ ውስጥ አላስገባም። «ክሎሪን» አለው፤ በግሪክኛ ገረጣ ያለ አረንጓዴ ማለት ነው። ንድፈ ሐሳብ ነገ ቢፈርስ ቀለሙ አይፈርስም። ዴቪ ዓይን ካየው አልፎ በስሙ ምንም አልመሰከረም። ሐሰተኛ ምስክር መሆንን የፈራ ሰው ስም ነው።

እንግዲህ ስም ምስክርነት ነው ካልን፣ «ኦክስጅን» በሐሰት የመሰከረ ስም ነው። አሲድ ወላጁ እርሱ አይደለምና። እንዲያውም ታሪክ የራሱ ቀልድ አለው፤ የአሲድነት ጠባይ በዋናነት የሚያያዘው «ውሃ ወላጅ» ከተባለው ከሃይድሮጅን ጋር ነው። ታዲያ ሐሰተኛው ስም እንዴት ኖረ?

የኖረው ባለመታወቁ ነው። እንግሊዛዊው ተማሪ፣ አማርኛ ተናጋሪውም ተማሪ «ኦክስጅን» ሲል አሲድ የሚል ነገር በጆሮው አይሰማም። ስሕተቱ በግሪክኛው ውስጥ እንደ ተኛ ነው። ስሙን በገዛ ቋንቋቸው የተረጎሙት ግን ስሕተቱንም አብረው ተረጎሙት፤ ጀርመኖች «ዛወርሽቶፍ» አሉት፣ ጎምዛዛው ነገር ማለት ነው፤ ሩሲያውያን «ኪስሎሮድ» አሉት፣ ጎምዛዛ ወላጅ። የጀርመን ልጅ አየሩን በተነፈሰ ቁጥር የላቯዚየን ስሕተት በእናቱ ቋንቋ ይሰማዋል። መምህሩም ስሙን በጠራ ቁጥር «ጎምዛዛ አይደለም» የሚለውን ማስረጃ መጨመር ይኖርበታል። ስም አውጪው የተበደረውን ዕዳ መምህር ይከፍላል። ከዚህ ተነሥቶ መዋስ ከመተርጎም ይሻላል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ እንዲህ ለማለት አልደፍርም፤ የማንሰማው ሐሰት ከምንሰማው ሐሰት የተሻለ መሆኑ አልታየኝም። የሚሰማው ቢያንስ ሊታረም ይችላል።

ከፈረንሳዩ ስም ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት የሃንጋሪ ቋንቋ አዳሾች «ኤል»፣ ማለትም «ይኖራል»፣ ከሚለው ግሥ ተነሥተው ኦክስጅንን «ኤሌኝ» ብለውት ነበር። ቻይና ውስጥ ደግሞ በዚያው መቶ ዓመት አጋማሽ ኦክስጅን «ያንግ ቺ» ተባለ፤ የሚመግብ አየር ማለት ነው። ናይትሮጅን «የቀጠነ አየር»፣ ሃይድሮጅን «ቀላል አየር» ተባሉ። ሃንጋሪና ቻይና ተማክረው አይደለም፤ ሁለቱም የገዛ ሳንባቸውን ሰምተው ነው። የሻንጋይ አካባቢው ሊቅ ሹ ሾው ከእንግሊዛዊው ጆን ፍራየር ጋር ሆኖ በ1871 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ደግሞ ለብዙ ብረታ ብረት አዲስ የጽሕፈት ምልክት ፈጠረ፤ ግማሹ ምልክት «ማዕድን ነው» ይላል፣ ግማሹ የባዕዱን ስም አንድ ድምፅ ያስተጋባል። አንባቢው ምልክቱን ሲያይ ነገሩ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃል። ከዚህ የበለጠ ለአንባቢ የታሰበለት ስያሜ አላውቅም።

ይሁንና እውነተኛ ስም ሁሉ ዕድሜ አላገኘም። ሃንጋሪዎች ዛሬ «ኦክሲጌን» ይላሉ፤ «ኤሌኝ» ተረስቷል። በቻይንኛም የ«መመገብ» ምልክት በኋላ ጊዜ ወጥቶ፣ ድምፁ ስለሚመሳሰል ብቻ የ«በግ» ምልክት በአየር ምልክት ሥር ገባ። የሚመግበው አየር በጽሕፈት በግ ሆነ ማለት ነው። ሐሰተኛው ስም ዓለምን ሲገዛ እውነተኞቹ ተሰናበቱ።

ስለ ናይትሮጅን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ በስም የተበደለ ንጥረ ነገር ካለ እርሱ ነውና። በ1772 ዳንኤል ራዘርፎርድ ለይቶ ሲያወጣው በውስጡ ሻማ ጠፋ፣ አይጥ ሞተ። ከዚያ በኋላ ስሙን ማዳን አልተቻለም። ፈረንሳዮች «ሕይወት አልባ» አሉት፤ ጀርመኖች «ሽቲክሽቶፍ»፣ የሚያፍን ነገር፤ ጃፓኖችም «ቺሶ»፣ ይኸው የሚያፍን። ክሊንጎኖችም፣ እንደ ተመለከትነው፣ የሚያንቅ ጋዝ አሉት። ነገር ግን ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወደ ሳንባችን ሲገባና ሲወጣ አንድም ጊዜ አያንቀንም። አይጡን የገደለው የኦክስጅን አለመኖር ነው። ናይትሮጅን በወንጀሉ ስፍራ ቆሞ የተገኘ ንጹሕ ነው። ገበሬው ጠንቅቆ እንደሚያውቀው መሬት ሲደኸይ የሚጎድለው፣ በሥጋችንና በደማችን ግንባታ ውስጥ የማይታጣው እርሱው ነው። አራት ቋንቋዎች በአንድ ንጹሕ ላይ በሐሰት መሰከሩ፤ አራተኛው ደግሞ ተናጋሪ ሕዝብ የሌለው ነው። ጀርመኑና ጃፓኑ በዘመናቸው የነበረው ዕውቀት ስለ ወሰናቸው ይቅር ይባላሉ። ክሊንጎን ግን የተሠራው ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው። ምናልባት ኦክራንድ የጦረኛ ሕዝብ ጆሮ ማነቅን አስቀድሞ ይሰማል ብሎ ይሆናል፤ የተውኔት ሰው እንደ መሆኔ ይህ ይገባኛል። ገጸ ባሕርይ የሚናገረው በራሱ ጠባይ እንጂ በደራሲው ዕውቀት አይደለም።

ከዚህ ላይ ወደ ራሳችን ቋንቋ ለአፍታ ብመለስ ከመንገዴ የወጣሁ አይመስለኝም። አማርኛ ብረትን፣ ወርቅን፣ ብርን፣ መዳብን፣ እርሳስን፣ ባዜቃን፣ ድኝን በራሱ ስም ይጠራል፤ እነዚህ የመዶሻና የወናፍ ሰዎች ያቆዩልን ስሞች ናቸው። ከእነዚህ አንዱን እያንዳንዱ መምህር በየቀኑ በእጁ ይይዘዋል። የምንጽፍበትን «እርሳስ» እንላለን፤ በውስጡ ያለው ግን የከሰል ዘመድ የሆነው ግራፋይት ነው፤ የእርሳስ ቅንጣት የለበትም። ጀርመኖችም በዚሁ ስሕተት «የእርሳስ ዘንግ» ይሉታል። ጣራችንን የምንከድንበት «ቆርቆሮ» ደግሞ በመሠረቱ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው፤ ቆርቆሮ የሚባለው ንጥረ ነገር ሌላ ነው። በዚህ ማንም አልተጎዳም፣ ማንም አልተታለለም። ለምን? ስሙን በየቀኑ የሚሸከም ሕዝብ ስላለ ነው። ሕዝቡ ቃሉን ከነገሩ ጋር እያጋጨ፣ እያላመደ፣ እርሳስ የሚጽፍበትን ከእርሳስ የጥይት አረር ለይቶ ይኖራል። የሐሰት ስም መድኃኒቱ ይህ የዕለት ተዕለት መጋጨት ነው። ላቯዚየን ያዳነውም ይኸው ነው፤ ስሙን የወረሱት ሰዎች ስሙን ትተው ነገሩን መረመሩት።

ስለ ሥልጣንና ስም ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ በአጭሩ እለፈው። በ1898 ማሪ ኩሪና ባሏ ፒየር አዲስ ንጥረ ነገር ሲያገኙ፣ በዚያን ጊዜ በሦስት መንግሥታት ተከፋፍላ ከካርታ የጠፋችውን የማሪን አገር ፖላንድን ለማስታወስ «ፖሎኒየም» አሉት፤ አገሩ የሌለ ስም በሰንጠረዡ ላይ ቆመ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ደግሞ 104ኛውን ንጥረ ነገር ሶቪየቶች «ኩርቻቶቪየም»፣ አሜሪካውያን «ራዘርፎርዲየም» እያሉ ሲከራከሩ ኖረው፣ የዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ማኅበር የመጨረሻ ውሳኔ የተሰጠው በ1997 ነው። የአሜሪካውያኑ ስም ለ104ኛው ጸና፤ 105ኛው በሶቪየቶቹ የምርምር ከተማ ስም «ዱብኒየም» ተባለ። ዛሬ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 118 ናቸው፤ ስም ሳይወጣለት የቀረ የለም። ኮሚቴ አለ፣ ደንብ አለ፣ የተቃውሞ ጊዜ አለ። ስም አውጪው ይጠየቃል።

ወደ ክሊንጎን እንመለስ፤ እዚያ ያለው ደንብ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነውና። በ1992 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የተቋቋመ የክሊንጎን ቋንቋ ተቋም አለ፤ ቋንቋውን የሚያጠኑ፣ የሚጽፉበት፣ በየዓመቱ ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ሰዎች ማኅበር ነው። ሐምሌትን ወደዚህ ቋንቋ ተርጉመዋል። ትርጉሙ የተነሣው በ1991 በወጣ ፊልም ላይ ካለ ቀልድ ነው፤ አንድ የክሊንጎን መሪ ሼክስፒር በትክክል የሚጣፍጠው በመጀመሪያ በተጻፈበት በክሊንጎን ቋንቋ ነው ብሎ ይመጻደቃል። ቀልዱን አምነው ሙሉ ተውኔት የተረጎሙ ሰዎች አንድ አዲስ ቃል ለመፍጠር አቅም ያንሳቸዋል ብሎ የሚያስብ አይኖርም። ግን አይፈጥሩም። በመካከላቸው የጸና ልማድ አለ፤ አዲስ ሥረ ቃል ሊሰጥ የሚችለው ኦክራንድ ብቻ ነው። የጎደላቸውን ቃል በዝርዝር ጽፈው ያቀርቡለታል፤ እርሱም ከፊሉን መልሶ፣ ከፊሉን ያልፈዋል። ጊታር ምን እንደሚባል ሲሰጣቸው በታዋቂው የጊታር ሰው በሌስ ፖል ስም ቀልዶ «ሌሽፓል» አላቸው፤ ተቀበሉት። ቃል በሌለበት ባለው ቃል እየዞሩ ይናገራሉ፣ ወይም ዝም ይላሉ።

ይህን ስሰማ በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ንቀት ነበር። አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት የቃል መብት፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅበት ልማድ ለሰው ክብር የሚመጥን ሆኖ አይታይም። ነገሩን ሳስበው ግን በልማዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ሕዝብ ከሌለ ቃሉን ከነገሩ ጋር የሚያጋጨው የለም፤ ያ ሲሆን ማንም ያሻውን ቃል ቢያወጣ ቋንቋው በአንድ ዓመት ውስጥ የየሰው ሹክሹክታ ሆኖ ይበተናል። እነዚህ ሰዎች የሕዝብን ቦታ በትዕግሥት ተኩ። ሌላው የሚጠይቀው ባይኖር እንኳ አንድ ተጠያቂ እንዲኖር ፈለጉ። «ይንሽፕ» የተባለውን ቃል ማን አወጣው ብሎ ለሚጠይቅ ስም ያለው ሰው ያሳዩታል። ከመልአኩ ይህ ይሻላል።

ነገር ግን የዚህ መንገድ ድንበሩ በአንድ ሕፃን ላይ ታይቷል። በ1990ዎቹ አንድ የሥነ ልሳን ምሁር፣ የተወለደለትን ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ በክሊንጎን ብቻ አናገረው። ሕፃኑ ድምፆቹን ተናገራቸው፤ ቋንቋው ግን ለሕፃን የሚሆን የቤት ቃል አልነበረውም። የመርከብ፣ የጦርና የክብር ቃል ሞልቶ ተርፏል፤ በሕፃን ዙሪያ ላለው ለተራው ዕቃ ግን ስም ታጣ። ሕፃኑም እያደር እንግሊዝኛውን መረጠ። ለኦክስጅን ስም ያለው ቋንቋ ለዳይፐር ስም ካጣ፣ ቋንቋው ከማን ቤት እንዳልነበረ ይታወቃል። የእናቶች ቋንቋዎች በሌላ በኩል ነው የሚጀምሩት፤ ዳይፐሩ ቀድሞ፣ ናይትሮጅኑ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ይመጣል።

የባለቤትነቱ ጥያቄ ፍርድ ቤት ድረስም ሄዷል። ፊልሙን የሚያዘጋጁት ድርጅቶች፣ ፓራማውንትና ሲቢኤስ፣ ከአፍቃሪዎች በተሰበሰበ ገንዘብ ፊልም ሊሠሩ በተነሡ የድራማው አፍቃሪዎች ላይ ክስ ሲመሠርቱ፣ የእኛ ከሚሏቸው ንብረቶች መካከል የክሊንጎንን ቋንቋ ቆጠሩ። በ1916 አይደለም፣ በ2016 ነው! አንድ የቋንቋ ፈጣሪዎች ማኅበር፣ ቋንቋ የማንም የግል ንብረት ሊሆን አይችልም ሲል ከፊሉን በክሊንጎን በጻፈው ማመልከቻ ተከራከረ። ጉዳዩ በ2017 በስምምነት ስላለቀ፣ ቋንቋ ባለንብረት ይኖረው እንደ ሆነ ፍርድ ቤቱ ቁርጥ ያለ ብያኔ ሳይሰጥ ቀረ። ክሱ ቢጸና ኖሮ «የሕይወት ጋዝ» የሚለውን ስም ለመጥራት ፈቃድ ሊያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከሁሉ የሚከብደኝም እርሱ ነው። ማርክ ኦክራንድ የቋንቋ ትምህርቱን ያጠናቀቀው በበርክሌይ የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በ1977 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የሙትሱንን ቋንቋ ሰዋስው የሚመለከት ነው። ሙትሱን በካሊፎርንያ በሳን ሁዋን ባውቲስታ አካባቢ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነበር። ሚሲዮናውያን በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እዚያ ከሰፈሩ በኋላ ሕዝቡ በበሽታና በግዳጅ ሥራ ተመናመነ፤ ቋንቋውም አብሮት። በመጨረሻ ቋንቋውን አሳምራ የምታውቅ አንዲት አሮጊት ቀረች፤ አሴንሲዮን ሶሎርሳኖ ትባላለች፤ በዕፅዋት የምታክም የታወቀች ሐኪም ነበረች። ጆን ሃሪንግተን የተባለው የቋንቋ ሊቅ በመጨረሻዎቹ ወራቷ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ከአፏ የሚወጣውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። በ1930 ዐረፈች። ኦክራንድ ሰዋስውን ያወጣው፣ ሰምቶት ከማያውቀው ከዚያ ቋንቋ፣ ከእንደዚህ ያሉ ወረቀቶች ነው። ሰባት ዓመት ቆይቶ ለሌለ ሕዝብ ቋንቋ ሥራ ሲባል የሠራበት እጅ፣ ሕዝቡ እያለ ቋንቋው የጠፋበትን ሰዋስው በጻፈበት እጅ ነው።

የሙትሱን ልጆች አልጠፉም። ያንን የሃሪንግተንን ወረቀትና የኦክራንድን ጽሑፍ እየገለጡ የአያቶቻቸውን ቋንቋ እንደገና ይማራሉ፤ በ2016 መዝገበ ቃላት ታትሞላቸዋል። አያቶቻቸው ያላወቁትን ነገር የሚጠሩበት አዲስ ቃል ማን ያውጣ የሚለው ጥያቄ ከፊታቸው ቆሟል። ለክሊንጎን ተማሪዎች በየዓመቱ ዝርዝር ተቀብሎ የሚመልስላቸው ሰው አለ። የሙትሱን ልጆች የሚጠይቁት ሰው የለም፤ ዕፅዋቱን ሁሉ በስማቸው ታውቃቸው የነበረችው አሮጊት መልስ አትሰጥም። እነርሱ ግን በዚያው አየር ይተነፍሳሉ፤ የሚያወጡትም ስም ልጆቻቸው በቤት ውስጥ ሲጠሩት የሚሰማ ነው።